የእማዬ የመድኃኒት ጣሳ

የአዮዲኑ ክዳን በደንብ አልተከደነም ነበር። ልጆቼ ነገ ለክረምት ከአያታቸው ዘንድ ሊሄዱ ነውና፣ ከሥራ እንደተመለስኩ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ መድኃኒቱን በአንድ ከረጢት ስከታትት፣ ፋሻው ቡናማ ሆኖ ከእጄ ጋር ወጣ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ትልቋ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ «እማ፣ ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» አለች። ትንሹ ሙቀት መለኪያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ታምሜያለሁ ብሎ ወንበሩ ላይ ተዘርግቷል። ውጭ የእንጅባራ ዝናብ ጣሪያውን ይደበድባል።

ደክሞኝ ነበር። የተበላሸውን ፋሻ ጥዬ ሌላ ለመግዛት ወደ መድኃኒት ቤት መውጣት ነበረብኝ፤ ባጃጅ ለመጥራት እንኳ አቅም አጣሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እጄን አሸተትኩት። እናቴ አንድ ክረምት ሙሉ እጇ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ከተማውን ሁላችንም ቆሰበር ነበር የምንለው፤ እንጅባራ የሚለውን ስም የማየው ትምህርት ቤታችን በር ላይ ብቻ ነው። እማዬ እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ትሠራ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ቆላ ወርዶ ቤት ይሠራል፣ አናጢ ነው። ወንድሜ ሀብታሙ አራት ዓመቱ ነበር። ከእሱ በታች ማርታ ነበረች፤ ማሬ ነበር የምንላት።

ማሬ ግን ከእኛ ጋር አልነበረችም። ዓምና ክረምት አያታችን ስትታመም እማዬ ልታስታምማት ወደ ገጠር ስትሄድ፣ ማሬ ገና ጡት ስላልጣለች ይዛት ሄደች። እኔና ሀብታሙ ከአባቴ ጋር ቀረን። እማዬ የተመለሰችው ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ብቻዋን ነው። አያቴ ሞታለች ተባለ። አለቀስን። በማግስቱ «ማሬስ?» ብዬ አባቴን ጠየቅሁት። አባቴ ሚስማር እየለቀመ ነበር። ቀና ሳይል «እዚያው ቀረች» አለኝ።

እዚያው ቀረች ማለት፣ ለእኔ፣ ከአባባ ጋር ቀረች ማለት ነበር። አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ ሚስታቸው ሞታባቸው ብቻቸውን ስለሆኑ፣ ማሬን ትተንላቸዋል ብዬ ነው የገባኝ። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ላሟ ወልዳለች ሲባል ስሰማ ግን፣ ማሬ ወተት እየጠጣች እንዴት ወፍራ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እማዬ «አረም ደርሷል፤ አባባ ብቻቸውን ናቸው፤ እንሄዳለን» አለች። ሌላ ሰው ለጉዞ ልብስ ያጥባል፣ ስንቅ ያዘጋጃል። እማዬ መጀመሪያ ያደረገችው ከባለሱቅ ባዶ የብስኩት ጣሳ መለመን ነው። በሙቅ ውኃ አጠበችው፣ በፀሐይ አደረቀችው፣ ከዚያ እጄን ይዛ ወደ መድኃኒት ቤት ሄደች።

መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ያለችው ሴት እየሰለቻት ዕቃ ትደረድራለች። ፋሻ፣ ጥጥ፣ ፕላስተር፣ አዮዲን፣ የዓይን ቅባት፣ የቃጠሎ ቅባት፣ ለትኩሳት የሚሆን ሽሮፕ። በመጨረሻ እማዬ ኦ አር ኤስ የሚባለውን፣ ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ጠየቀች። ሴትየዋ ጥቂት ከረጢቶች አወጣችላት። እማዬ እያገላበጠች አየቻቸውና «ካለቀብኝስ?» አለች።

«ትገዢያለሻ።»

«የምሄድበት ቦታ መድኃኒት ቤት የለም። ክረምት ደግሞ ወንዙ አያሻግርም።»

ሴትየዋ ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየቻት። «እንግዲያስ ስኳርና ጨው አታጪም። አንድ ሊትር ውኃ አፍልተሽ ታበርጂዋለሽ። ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው እንዳታበዢ። ቀምሰሽው ከእንባ የሚብስ ጨው ካለው ድፊውና እንደገና ሥሪው።»

እማዬ አስደገመቻት። ወደ ቤት ስንመለስ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እየጸለየች መስሎኝ ዝም ብዬ ከጎኗ ሄድኩ።

ቤት ገብታ ጣሳው ውስጥ ስትደረድር አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ይሄ ለማን ነው?» እላታለሁ። «ፋሻው ለአንቺ። ሩጫ ትወጃለሽ።» «ይሄስ?» «ለሀብታሙ። ሆዱ ቶሎ ይታወክበታል።» ማን በምን እንደሚታመም አስቀድማ የምታውቅ መስሎኝ ፈራኋት። ሀብታሙን ግን ይበልጥ ፈራሁለት፤ ለእሱ የተባለው ብዙ ነበር።

«ለማሬስ?» አልኳት።

እጇ ጣሳው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ፊቷን አላየሁትም።

«ማሬ መድኃኒት አያስፈልጋትም» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ወተት ስለምትጠጣ ነው አልኩ።

ከቆሰበር እስከ አዲስ ቅዳም በሚኒባስ ሄድን። ከዚያ ወዲያ እግር ነው። አባባ ፈረሳቸውን ይዘው ጠበቁን፤ ሀብታሙንና ስልቻውን ጫኑ። ጣሳውንም ሊጭኑ እጃቸውን ሲዘረጉ እማዬ «ይቅር» አለች። በነጠላዋ ደረቷ ላይ አስራ፣ እንደ ሕፃን አቅፋው ሄደች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። በየጥቂቱ ትቆምና በእጇ ጀርባ ግንባሯን ትጠርጋለች። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውኃው ገና ድንጋዮቹን አልሸፈናቸውም ነበር። እማዬ ግን እስክንሻገር ዓይኗን ከውኃው ላይ አላነሳችም።

አባባ ቤት እንደደረስን ማሬን ፍለጋ ጀመርኩ። ለእሷ ብዬ ያስቀመጥኩትን ከረሜላ በእጄ ይዣለሁ። ጓዳ አየሁ፣ ከበሩ ኋላ አየሁ፣ በቀርከሃው አጥር ቀዳዳ ጎረቤት አየሁ። ተኝታ ይሆናል፣ ወይም ጎረቤት ወስደዋት ይሆናል አልኩ። እማዬን ልጠይቃት ስል ወደ ማድቤቱ ገብታ ነበር፤ እሳት አላነደደችም፣ ዝም ብላ ቆማለች።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ደጅ ተቀምጠው ማጭድ ሲስሉ አጠገባቸው ቆምኩ። አባባ አማርኛ ሲናገሩ ቀስ ብለው ነው፤ ቋንቋቸው አዊኛ ነው፤ ከእማዬ ጋርም በአዊኛ ነው የሚያወሩት። እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ የምይዘው ጥቂት ጥቂት ቃል ነው።

«አባባ፣ ማሬ የት ናት?»

ማጭዱን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። አማርኛው ጠፍቷቸው መስሎኝ ነበር።

«ማሬ ከአያትሽ ጋር ናት» አሉኝ።

አያቴ መሞቷን አውቃለሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ በልቤ አልኳት። ማሬ ከአያቴ ጋር ናት። አያቴ ሞታለች። ከረሜላው በእጄ ላይ ሟሙቶ ወረቀቱ ተጣብቆብኝ ነበር።

«እናትሽን አትጠይቂያት» አሉኝ። «ሆዷን አመማት፣ ማሬን። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ይጎድላል ብለን ጠበቅን።» ከዚያ በኋላ የጨመሩት በአዊኛ ነው፤ ለእኔም አልነበረም።

ከረሜላውን ለሀብታሙ ሰጠሁት። እሱ ወረቀቱን በጥርሱ እያላቀቀ በላው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሳውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። እማዬ ከራስጌዋ አታርቀውም። ከአረም ስትመለስ ወገቧን ይዛ፣ ጭቃ የነከረውን ቀሚሷን ሳትቀይር፣ መጀመሪያ የሀብታሙን ግንባር ትነካለች፣ ከዚያ የእኔን፣ ከዚያ ወደ ጣሳው ታያለች። ውኃ ሳይፈላ አይጠጣም። እጃችንን ሳንታጠብ ድንች ካነሳን ትጮኻለች፤ ጮኻ ስታበቃ ትቀመጥና «ደከመኝ እኮ፣ ደከመኝ» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን።

የተባለው ግን አንድ በአንድ ደረሰ። እኔ አጥር ስዘል የቀርከሃ ስንጥር እግሬ ውስጥ ገባ፤ በወረንጦ አወጣችልኝና አዮዲን ቀባችኝ፣ ጩኸቴ ማዶ ተሰማ። ሀብታሙ ሳማ ውስጥ ወደቀ። አባባ ከሰል ሲያወጡ መዳፋቸውን እሳት ፈጃቸው፤ መጥተው እጃቸውን ዘረጉላት፤ እማዬም ቅባቱን ቀብታ በፋሻ ጠመጠመችላቸው። ፋሻው ለአንቺ ነው ያለችኝን አስታውሼ ትንሽ ቀናሁ።

ያን ፋሻ ገበያ ላይ ያየ ሁሉ ጠየቀ። የአባባ አለሙ ልጅ ከከተማ መድኃኒት ይዛ መጥታለች ተባለ። ከዚያ በኋላ ደጃችን ሰው አላጣም። ዓይኑ የቀላ፣ ጣቱን መጥረቢያ የነካው፣ ጥርሱን ያመመው። እማዬ «እኔ ሐኪም አይደለሁም እኮ፣ ቤት ጠራጊ ነኝ» እያለች ክዳኑን ትከፍታለች። ለጥርስ የሚሆን የለኝም ብትላቸውም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። የምትሰጠው ስታጣ ቁስሉን በፈላ ውኃ አጥባ ትሸኛቸዋለች። አረሙ ይጠብቃታል፣ የላሟ ግርግም ይጠብቃታል፤ እሷ ግን የሰው ጣት ይዛ ተንበርክካለች። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እኔ አንገቴን አስግጌ የማየው እነዚያን የተቅማጥ ከረጢቶች ብቻ ነው። እየቀነሱ ነበር።

የፍልሰታ ጾም እንደገባ፣ ዝናብ በሚያወርድበት አንድ ጠዋት፣ ጎረቤታችን እትዬ የሺ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ ገባች። ጭንቅላቷ ላይ ያደረገችው ማዳበሪያ ውኃ ያንጠባጥባል። ሕፃኑ አያለቅስም። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። እትዬ የሺ በአዊኛ ተናገረች፤ መተርጎም ሳያስፈልገኝ ገባኝ።

እማዬ ጣሳውን ከፈተች። የቀሩት ከረጢቶች በአንድ እጇ የሚያዙ ናቸው። እነሱን ይዛ ወደ ደጅ አየች። ሀብታሙ ከጣሪያው ጠብታ ሥር ቀርከሃ ጋልቦ እየዘለለ፣ ፈረሰኛ ነኝ እያለ ይጮኻል። እማዬ አየችው፣ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሕፃኑን ፊት ገለጠች።

«ስጪኝ እስቲ ልጁን» አለች።

ለእናትየው ሰጥታ አላሰናበተቻትም። በጥብጣ፣ ራሷ አቅፋ፣ በሻይ ማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረገች አጠጣችው። በዚያ ቀን አረም አልተወጣም። ወደ ማታ ግድም ሕፃኑ አለቀሰ፤ እማዬ ጣቷን ጉንጩ ላይ አሳርፋ «እንባ አለው፣ እዪው፣ እንባ አለው» አለች። የተረፉትን ከረጢቶች ለእትዬ የሺ አስጨበጠቻት።

ሲሄዱ አባባ በአዊኛ የሆነ ነገር አሏት። ቁጣ አልነበረውም፤ ፍርሃት ነበረው። እማዬ ጣሳውን እየከደነች በአማርኛ መለሰችላቸው፤ «ታዲያ ምን ላድርግ፣ ዓይኑን እያየሁ?»

ብዙም አልቆየ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሀብታሙ ሲያስመልሰው ነቃሁ። ከዚያ ተቅማጡ ያዘው። ፀሐይ መውጣት በነበረባት ሰዓት መናገር አቆመ፤ እንደ ባዶ አቁማዳ ሆነ፣ እጁን ስታነሳው ይወድቃል። እማዬ ባዶ መሆኑን እያወቀች ጣሳውን ከፈተችው። ውስጡን አየች። ከደነችው።

ወንዙ ከቤት ሆኖ ይሰማ ነበር። ሌሊቱን ሲጥል አድሯል። ጤና ኬላው ከወንዙ ማዶ ነው። አባባ ሮጠው ወጡ፤ እሳቸውና እማዬ በር ላይ ሆነው በአዊኛ ተጯጯሁ። እኔ ከዚያ ሁሉ የያዝኩት «ፈርሲ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ፈረስ ማለት ነው። አባባ ኮርቻውን ጫኑ። እማዬ ሀብታሙን በጋቢ ጠቅልላ፣ አቅፋው ወጣች። አንድ እግሯ ደጅ፣ አንድ እግሯ ቤት ሆኖ ቆመች። ዝናቡን አየች። የወንዙን ድምፅ አዳመጠች። ከዚያ ዞራ ገባችና ሀብታሙን መልሳ አስተኛችው።

ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ። ማሬን እንዳደረገቻት ልጁንም ልታስቀምጠው ነው፣ ይጎድላል ብላ ልትጠብቅ ነው አልኩ።

«እርስዎ ይሂዱ» አለቻቸው አባባን። «ሰው አምጡልኝ፣ ወይም መድኃኒቱን። በዝናብ ፈረስ ላይ ማን ያጠጣዋል? እኔ እዚህ ሆኜ አጠጣዋለሁ።»

«ምን አለሽና ታጠጭዋለሽ?» አሉ አባባ፣ እሳቸውም በአማርኛ።

«አለኝ። ይሂዱ።»

አባባ ሄዱ። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ስኳሩን አምጪ። ጨውም።»

ስኳሩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ ነበር። ማታ የፈላው ውኃ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ቀዝቅዟል። ውኃውን በለስላሳ ጠርሙስ እየሰፈረች፣ አንድ ሊትር እንዲሞላ ሦስት ጊዜ፣ ወደ ንጹሕ ጆግ ገለበጠችው። ስኳሩን በማንኪያ ስትለካ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ቀርቤ ሰማኋት፤ የመድኃኒት ቤቷን ሴት ቃል ነበር የምትደግመው። ጨው ጨምራ አማሰለች። ቀመሰች። ለእኔም አቀመሰችኝ። «ከእንባ ይብሳል?» አለችኝ። «አይብስም» አልኳት።

አንድ ማንኪያ ሰጠችው፤ መለሰው። ጥቂት ጠበቀች። እንደገና ሰጠችው፤ መለሰው። ጠበቀች። ከዚያ ሦስተኛው ወረደ። እንዲያ እያለች ቀጠለች። ክንዷ ሲዝል ማንኪያውን በሌላ እጇ ትቀይራለች፤ ሁለቱም ሲዝሉ ክርኗን ጉልበቷ ላይ ታስደግፋለች። የቆሸሸውን ጨርቅ አውጥቼ ደጅ ሳስቀምጥ እትዬ የሺ መጣች። ሕፃኗን አዝላለች። ገብታ አየች፣ ጨርቁን በሙሉ ሰብስባ በዚያ ዝናብ ልታጥብ ወጣች። አጥባ ትመጣለች፣ ሌላውን ይዛ ትሄዳለች።

ከሰዓት በኋላ ሀብታሙ ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እማዬ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ሽንቴ መጣ» አላት።

እማዬ እንደዚያ ስትሆን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ብድግ አድርጋ ጣሳ ያዘችለት፤ የመድኃኒቱን ጣሳ ነበር፣ ከእጇ ቅርብ ያገኘችው እሱን ነው። ድምፁ ቆርቆሮው ላይ ሲሰማ «ሸና! የሺ፣ ልጄ ሸና!» ብላ ጮኸች። እትዬ የሺ ጨርቁን ጥላ ሮጣ ገባች። ሁለቱ ሴቶች ያቺን ጣሳ ወደ ብርሃን አዘንብለው፣ ወርቅ የተገኘበት ይመስል፣ ተደፍተው አዩ። ሀብታሙ አፍሮ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

አባባ የመጡት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ውኃው እዚህ ስላላሻገራቸው ሽቅብ ሄደው፣ ድልድይ ፈልገው ዞረዋል። ፈረሱ ላይ የጤና ኬላዋን ልጅ አስቀምጠዋል፤ እሳቸው ልጓሙን ይዘው እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነዋል። ወጣት ናት፤ ጃንጥላዋን ንፋስ ሰብሮባታል። እግሯን ሳትታጠብ ወደ ሀብታሙ ገባች። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች፣ ምላሱን አየች፣ ሸንቶ እንደሆነ ጠየቀች። ሦስታችንም አንድ ላይ «ሸንቷል» አልናት።

«ምን ስትሰጪው ነበር፣ እትዬ?»

እማዬ ነገረቻት።

«ጥሩ አድርገሻል። እኛ እስክንመጣ ዝም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ አንደርስለትም ነበር።» ከቦርሳዋ ኦ አር ኤስና ለተቅማጥ የሚዋጥ እንክብል አውጥታ አስቀመጠችላት። «አሁን በዚህ ትቀጥያለሽ። ያው ነው ግን፣ የሰጠሽውም ይኼንኑ ሥራ ነው የሠራው።»

እማዬ ከረጢቶቹን ጭኗ ላይ አገላበጠቻቸው። ከዚያ ለራሷ በሚመስል ድምፅ «ስኳርና ጨው ነው እኮ የሰጠሁት» አለች።

«አዎ።»

«ስኳርማ ዓምናም ነበር» አለች እማዬ። «እዚያው መደርደሪያው ላይ። ለለቅሶ ሻይ አፈላንበት።»

የጤና ኬላዋ ልጅ አልገባትም። ወደ እኛ አየች። እትዬ የሺ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባባ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ፣ ከልብሳቸው ውኃ እየወረደ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለጉ «አላወቅንም፣ ልጄ» አሏት። «የነገረን የለም። ብናውቅ አናደርገውም ነበር?»

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ይሁን አይደለም ማለቷ፣ አሁንም አላውቅም። እትዬ የሺ የጤና ኬላዋን ልጅ ልታሳድራት ይዛት ሄደች። እማዬ አዲሱን ዱቄት በጠበጠች። ማንኪያውን ለእኔ ሰጠችኝና «ትንሽ ትንሽ አድርገሽ ስጪው። እንዳታቆሚ» አለችኝ። ከሀብታሙ ጎን መደቡ ላይ ጋደም አለች። ጭቃ የያዘው እግሯ ከመደቡ ተርፎ ወጥቷል። ማንኪያውን ሞልቼ ቀና ስል አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች።

እናቴ በቀን ስትተኛ አይቼ አላውቅም ነበር። ፀጉሯ ማደግ ጀምሮ አንገቷ ጋ ተጠቅልሏል። እንቅልፏ እንዳይሰበር ማንኪያው ጽዋውን ሳይነካ ውኃውን ለመቅዳት እሞክር ነበር። ሀብታሙም ገብቶት ነው መሰል፣ ሳይነጫነጭ አፉን ይከፍትልኛል።

ደጁ ላይ ድምፅ ተሰማ። አንዲት የላይ ሰፈር ሴት ጣቷን በጨርቅ አስራ፣ ከከተማ የመጣችውን እማዬን ልታይ መጥታለች። አባባ እርጥብ ልብሳቸውን ገና አልቀየሩም ነበር። ተነሥተው በሩን በሰውነታቸው ዘጉ።

«ተኝታለች» አሏት።

ሴትየዋ በአባባ ትከሻ ላይ አሻግራ እናቴን አየቻት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እሰይ» አለች። «እሰይ፣ ትተኛ።» የታሰረ ጣቷን ደረቷ ላይ እንደያዘች ወደ ዝናቡ ተመለሰች።